«ሦስተኛው ወገን እኔ ነኝ» ይሉ የነበሩት አዴ አያንቱ

ኦቦ ፍቃዱ ቆመው ሄዱ። ዜናው ይኸው ነው፤ ሌላውን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

የደወለልኝ አባዬ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሚኒባሱን ይዞ ከቆመባት ከኡኬ ከተማ። «ቤዛ፣ ሰውዬው ቆሙ እኮ» አለኝ። «በምርኩዝ ናቸው፤ ግን ከቤታቸው አስፋልቱ ድረስ በራሳቸው እግር መጥተው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ደንግጬ ፍሬን ስይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ጮኸብኝ።» ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። አባዬ እያለቀሰ ነው።

ኦቦ ፍቃዱ የኡኬ ገበሬ ናቸው። ከስምንት ወር በፊት በገበያ ቀን አባዬ በሚኒባሱ ገጭቷቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። እነዚያን ስምንት ወራት ቤታችን ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ግን እናቴ ስትስቅ ጎረቤት ሰምቶ ምን ተገኘ ብሎ መጣ።

እኔ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መጀመሪያ የፈለግሁት ለአዴ አያንቱ መደወል ነበር። ቁጥራቸው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ጣቴ ስማቸው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው መሆኑ ትዝ ያለኝ። እናም ለእሳቸው መንገር ካልቻልኩ ስለ እሳቸው ልንገር ብዬ ይኸው ደብተር አወጣሁ።

ነቀምቴ መነኸሪያ በር አጠገብ፣ በስተግራ፣ ቆርቆሮ ዳስ ሥር አንዲት ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ። የአዴ አያንቱ ቢሮ ያ ነበር። የመኪና ኢንሹራንስ ወኪል ናቸው። ክረምት ከበጋ አንድ አረንጓዴ ሹራብ ይለብሳሉ፤ መነጽራቸውን በጫማ ክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ቀኝ እግራቸው አይታጠፍም። ሲቀመጡ ከጠረጴዛው ሥር ወደ መተላለፊያው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ሊያነጋግራቸው የሚመጣ ሹፌር ሁሉ እግራቸውን ዞሮ ነው የሚቀመጠው። አንዳንዱ ሊሻገረው ሲሞክር ወይራ ዱላቸውን ብድግ ያደርጉና «ዙር፣ ኢልማኮ» ይሉታል። ኢልማኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው፤ ለሴት ልጅ ኢንታላኮ ይላሉ፤ አዴ ደግሞ እናት እንደ ማለት ነው። የሃምሳ ዓመት ሹፌርም ለእሳቸው ኢልማኮ ነበር።

አንድ ቀን ከጊዳ አያና አዲስ መኪና ገዝቶ የመጣ ወጣት ዞሮ ተቀመጠና ጠየቃቸው።

«አዴ፣ ይሄ ሦስተኛ ወገን የምትሉት ማነው? አንደኛው ወገን እኔ ባለ መኪናው ነኝ። ሁለተኛው ኢንሹራንሱ ነው። እሺ፣ ሦስተኛውን የት አውቄው ነው በየዓመቱ የምከፍልለት?»

«ታውቀዋለህ» አሉት። «አሁን ዞረኸው መጣህ።»

ልጁ ወደ ኋላ ተመለከተ። ማንም የለም። ከዚያ እግራቸውን አየ።

«ሦስተኛው ወገን እኔ ነኝ» አሉ አዴ አያንቱ። «መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። ካንተ ጋር ውል የለኝም፣ ከኢንሹራንሱም ጋር ውል የለኝም። ስምህንም አላውቅ። ልትገጨኝ ስትል ግን እኔ ነኝ ያለሁት።»

ይህን የሚሉት ለጨዋታ አልነበረም። ወኪል ከመሆናቸው በፊት እዚያው መነኸሪያ ውስጥ ትኬት ይቆርጡ ነበር። ወደ ኋላ የሚመጣ ሚኒባስ ከግንቡ ጋር ያጣበቃቸው ያኔ ነው። የሹፌሩ ኢንሹራንስ ጊዜው አልፎበታል፤ አላሳደሰም። «ክፉ ልጅ አልነበረም» ይሉ ነበር። «ከእኔ በላይ ነው ያለቀሰው። ለቅሶው ግን እግሬን አላዳነውም። ኢንሹራንስ በሌለው መኪና የተጎዳ ሰው በሕግ የሚረዳበት መንገድ እንዳለ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለሽ? የሚነግረኝ ሰው አልነበረማ።» እንደሚመስለኝ በቀረው ዕድሜያቸው ሁሉ የሚነግር ሰው ሆነው የተቀመጡት ለዚህ ነው።

ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ ለሁለት የተቆረጠ የልብስ ሳሙናና አንድ እፍኝ በቆሎ። ሳሙናዎቹ መኪኖች ናቸው፤ የበቆሎ ፍሬዎቹ ሰዎች። ሹፌር የደረሰበትን አደጋ ሊነግራቸው ሲመጣ «አሳየኝ» ይሉታል። እሱ ሳሙናውን እየነዳ ይመጣል። ሳሙናው በቆሎዋ ጋ ሊደርስ ሲል ጣታቸውን ጣል አድርገው መሃል ይገባሉ። አንድም ቀን ሳሙና በቆሎ ሲነካ አላየሁም። «እዚህ ላይ ቁም» ይሉታል። «አሁን ምን ታየህ?»

እኔ እንዴት እዚያ ተገኘሁ? አባዬ ከነቀምቴ ጊዳ አያና መስመር ነው የሚሠራው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ተራ ይዞ ካገኘሁት ምሳ ዕቃውን ተቀብዬ ነው ወደ ቤት የምሄደው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ተራው ሲዘገይ የአዴ አያንቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ አነብ ነበር። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ።

«ኢንታላኮ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«የሙሉጌታ።»

«የሙሌ? ያ ከአፉ ቃል የማይወጣው? አማርኛ ትጽፊያለሽ?»

«እጽፋለሁ።»

እሳቸው አፋን ኦሮሞ ሲጽፉ እንደ ማተሚያ ነበሩ፤ አማርኛም ሲናገሩ ልቅም አድርገው ነው። ፊደሉ ላይ ግን እጃቸው ይዘገያል፤ የአደጋ መግለጫው ፎርም ደግሞ አማርኛ ነበር። «እንግዲያው ይህ ሰውዬ የሚለውን ጻፊልኝ» አሉኝ። ሰውዬው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ የሰው አጥር ጥሶ የገባ።

ድርሰት ላይ ጥሩ ነጥብ የማገኝ ልጅ ነበርኩና ተዘጋጀሁ። «በዚያች እጅግ አሳዛኝ ዕለት መኪናው እንደ መብረቅ እየተወረወረ» ብዬ ጀመርኩ። አዴ አያንቱ አስነበቡኝ።

«መብረቅ ነበረ እንዴ?» አሉት ሹፌሩን።

«ኧረ ደህና ፀሐይ ነበር።»

«ሰርዢው። በስንት ማርሽ ነበርክ?»

«በሦስተኛ።»

«እሱን ጻፊ። አሳዛኝ ነበር?»

«አጥሩ ነው እንጂ ሰው አልተጎዳም» አለ ሹፌሩ እየሳቀ።

«ሰርዢው። ያየውን ጻፊ። ያላየውን አላየሁም በይ። የማታውቂውን ባዶ ተዪው፤ ባዶው ምንም አይልሽም።»

የዚያን ቀን ተናድጄ ነው ቤት የገባሁት። በኋላ ግን ልማድ ሆነብኝ። እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን፣ እዚያች ጠረጴዛ ላይ የሹፌሮችን ቃል ጻፍኩ። ዛሬ መጻፍ እችላለሁ ብዬ በድፍረት ደብተር ማውጣቴ ከዚያ የመጣ ነው። «በጣም» የምትለዋን ቃል ስጽፍ አሁንም ዱላቸው ብድግ ሲል ይታየኛል።

ጥያቄዎቹ ደግሞ አያልቁም ነበር። አንዱ ይመጣና «ርካሹ የቱ ነው?» ይላል። ይህን ለጠየቀ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር። «ማንን ነው የምትፈራው?»

«እኔ ማንንም አልፈራም።»

«ማሎ፣ እባክህ ተወኝ። መኪናህ እንዳትሰረቅ ነው የምትፈራው? እንዳትገለበጥ? ወይስ ሰው እንዳትጎዳ? መጀመሪያ የምትፈራውን ንገረኝ፤ ከዚያ የሚሆንህን እነግርሃለሁ።»

አባዬም ተጠይቋል። «ገበያ ቀን እፈራለሁ» አለ። «ሰው ከመኪና ኋላ ድንገት ሲወጣ።» አዴ አያንቱ ያን ጊዜ «መስታወቱንና ቀለሙን ተወው፤ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሕጉ ከሚያስገድድህ ከፍ ያለውን ሽፋን ያዝ» አሉት። አቅሙ ለሁለቱም አይበቃም ነበርና የመኪናውን ትቶ የሰውን ገዛ። ጓደኞቹ ሳቁበት። «ሙሌ የራሱን መኪና ትቶ ለማያውቀው ሰው መድን ገባ» አሉ።

ሙሉ ሽፋን የገዛ አንድ ባለ መኪና ደግሞ ደረቱን ነፍቶ መጣና «ከእንግዲህ ምንም ቢሆን ሁሉንም ይሸፍንልኛል አይደል?» አላቸው።

«ብርድ ልብስ አለህ?» አሉት።

«አለኝ።»

«ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«እግርህ አይወጣም?»

ሰውዬው ረጅም ነበር። አግዳሚው ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። «ይወጣል» አለ ራሱም እየሳቀ።

«ይሄም እንደዚያው ነው። ጠጥተህ ብትነዳ ይወጣል። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ረዳትህ መሪ ብትሰጠው ይወጣል። የቤት መኪና ነው ብለህ አስመዝግበህ ሰው ብትጭንበት ይወጣል። የማይሸፍነው የተጻፈው ከኋላ ገጽ ላይ ነው፤ ከኋላ ጀምረህ አንብበው።»

ቦሎ ካለኝ ኢንሹራንስ ለምን ያስፈልገኛል የሚልም አይጠፋም። «ቦሎው መኪናህ ደህና ናት ይላል። ሰውዬውስ?» ይሉታል። ከሸጠው መኪና መስታወት ላይ የኢንሹራንሱን ወረቀት ልጦ ሌላ መኪና ላይ የለጠፈ ሰውም ነበር። እሱን ሲያዩት አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት፤ ከዚያ «ኢልማኮ፣ የሌላ ሰው መታወቂያ ይዘህ ሐኪም ቤት ብትገባ የማንን ደም ይሰጡሃል?» አሉት። ሄዶ በስሙ አወጣ።

አዴ አያንቱን ግን የማልረሳቸው በእነዚህ ብቻ አይደለም። የገመቹ ነገር አለ።

ገመቹ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከእሳቸው ነው ኢንሹራንስ የገዛው። ቢላ በምትባል ከተማ አካባቢ ሰው ገጨ። ሰውዬው በሕይወት ቢኖሩም እጃቸው ክፉኛ ተጎድቷል። ገመቹ የአገሩ ልጅ ነውና የሚደረገውን አደረገ። ሽማግሌ ላከ፣ ለእርቅ ምልክት እርጥብ ሣር ይዞ ሄደ፣ ተንበርክኮ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናንተ የፈረዳችሁትን እሸከማለሁ» አለ። እንዲህ ማለት እዚህ አገር ወግ ነው። ያላጠፋም ሰው ይለዋል፤ ራስን ዝቅ ማድረግ ነውና የተጎዳው ቤተሰብ ልብ የሚበርደው በዚያ ነው። ብቻ ሽማግሌዎቹ ያለውን ወረቀት ላይ አሰፈሩት፤ ገመቹም ፈረመ። ወረቀቱ ኢንሹራንሱ ጋ ሲደርስ «ሳታማክረን ጥፋቱን አምነህ፣ ካሳውንም ራስህ ተስማምተህ ጨርሰሃል፤ እንግዲህ እኛ ምን ቀረን?» አሉት። ውሉ ላይም ያለ እነሱ ፈቃድ ኃላፊነት እንዳይወስድ ተጽፏል። ከኋላው ገጽ ላይ።

ገመቹ መኪናውን ሸጠ። ከባዱ ግን እሱ አልነበረም። መኪናው ተሸጦም የሰውዬውን እጅ የሚያሳክም አልሆነም።

አዴ አያንቱ ይህን የሰሙ ቀን እኔ እዚያ ነበርኩ። ሳሙናዎቹን መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ። «ወረቀቱን ሸጥኩለት፤ ይህን አልነገርኩትም። ሣር ይዞ እንደሚሄድ አላውቅም ነበር? የአገሬ ልጅ አይደለም?» በማግስቱ በዚያች በማትታጠፍ እግራቸው አውቶቡስ ተሳፍረው ቢላ ሄዱ። ከተጎዱት ሰውዬ ቤት ገብተው ምን እንዳሉ አልነገሩኝም። ሲመለሱ ግን አዲስ ሕግ አወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንሹራንስ የገዛ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ከመቀበሉ በፊት ቆሞ ሦስት ጊዜ ማለት አለበት። «ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ አስታምማለሁ፣ አልፈርምም።» ሽበት ያለው ሰው እዚያ መነኸሪያ መሃል እንደ ተማሪ ቆሞ ሲል ትኬት ቆራጮቹ ይስቃሉ። አባዬም ብሏል፤ ሦስተኛውን በለሆሳስ ነው ያለው። «አልሰማሁም፣ ሙሌ» አሉት። ደገመው።

አንዱ «አዴ፣ ይቅርታ ጠይቆ አለመፈረም ተንኮል አይመስልም?» ሲላቸው የመለሱለትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ሐዘንህን ሁሉ ስጣቸው፤ አትቆጥብ። ፍርዱን ግን አንተ አትስጥ። እሱ ያንተ አይደለም። ብትሰጠው የምትጎዳው ራስህን አይምሰልህ፤ የሚታከመውን ሰው ነው።»

ያረፉት ታመው ነው፤ ብዙም አልቆዩም። የቀብራቸው ዕለት ሹፌሮቹ መኪኖቻቸውን አሰልፈው ተከተሏቸው። ጥሩንባ የነፋ የለም። በጣም ቀስ ብለው ስለነዱ በእግር የሚሄደው ለቀስተኛ ቀድሟቸው ደረሰ። («በጣም» አልኩ፤ ይህቺን ይለፉኝ።)

እንግዲህ ወደ አባዬ ልመለስ። ያ የኡኬ ገበያ ቀን፣ የፈራው ነገር እንደፈራው ሆነ። የቆመ የጭነት መኪና አለ፤ ኦቦ ፍቃዱ ከኋላው ወጡ። አባዬ አልሸሸም። ሰው ጠርቶ አሳፍሯቸው ነቀምቴ ሆስፒታል አደረሳቸው፤ ከዚያ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ኢንሹራንሱ ጋ ሄዳ አስታወቀች፤ ይህንንም ያስተማሯት አዴ አያንቱ ናቸው። አባዬ በዋስ ሲለቀቅ ሐኪሙ ኦቦ ፍቃዱ ከባድ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው፣ ያለዚያ እንደማይሄዱ ነግሮን ነበር። ኢንሹራንሱ ከከፈለ ይታከማሉ። ካልከፈለ ሚኒባሱ ይሸጣል፤ ያም አይበቃም። ሁሉም ነገር በዚህ ላይ ነበር የቆመው።

እርቁ ደግሞ አለ። አባዬ አያና ለመድረስ በኡኬ ነው የሚያልፈው። የተጎዳ ሰው ቤተሰብ ሳይታረቅ በዚያ መንገድ ማለፍ አይታሰብም፤ ማለፍ ቢችልም እንኳ አባዬ አያደርገውም። ቀኑ ተቆርጦ ሽማግሌዎች ሊሄዱ ሲሉ እናቴ «ልጅቷን ይዘሃት ሂድ» አለችው።

«ምን ልታደርግ?»

«ታስታውስሃለች።»

አባዬ ተቆጣ። «ሰው ሰብሬ ስለ ወረቀት ልከራከር? ፈርም ካሉኝ እፈርማለሁ። እንዴት ዓይናቸውን እያየሁ አልፈርምም እላለሁ?»

ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ።

ኦቦ ፍቃዱ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ትልቅ ማንጎ አለ። ከሥሩ ቁርበትና በርጩማ ተደርድሯል። አጠገቡ በቆሎ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። አባዬ እርጥቡን ሣር በሁለት እጁ ይዞ ገብቶ ተንበረከከ። የአባዬን ድምፅ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ይቅርታ አለ፤ ደጋግሞ አለ። የኦቦ ፍቃዱ ወንድም ተነሥተው በክንዱ ይዘው አነሡት። ሴቶቹ ከጓዳ እልል አሉ። ያለቀ መስሎኝ እኔም ተነፈስኩ።

ከዚያ የሽማግሌዎቹ ዋና ኦቦ ነገራ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የቀበሌ ጸሐፊ አስቀድሞ የጻፈው ነው። አነበቡት፤ «ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ መሆኑን አምኜ ወጪውን ሁሉ ከራሴ ልችል ተስማምቻለሁ» ይላል። እስክሪብቶውን ለአባዬ ሰጡት።

አባዬ ተቀበለ።

አዴ አያንቱ ቢኖሩ ዱላቸውን ያነሡ ነበር። እኔ ዱላ የለኝም። «አባዬ፣ ቃሉን በል» አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አባዬ እስክሪብቶውን እንደያዘ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ልክ መነኸሪያው ውስጥ እንዳለው፣ «ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ አስታምማለሁ፣ አልፈርምም» አለ። ሦስት ጊዜ አለው።

የኦቦ ፍቃዱ ወንድም ብድግ አሉ። «እንግዲያው ይቅርታው ከአንገት በላይ ነበር?»

«አይደለም፣ ኦቦ» አልኩ። እግሬ ራሱ ተራመደ። ከተሰጣው በቆሎ አንዲት ፍሬ አንሥቼ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ፤ ስልኬን አወጣሁና መኪና አደረግሁት። «ይህቺ ኦቦ ፍቃዱ ናቸው። ይህ የአባዬ መኪና ነው።» እየነዳሁ አመጣሁት። በቆሎዋ ጋ ሲደርስ ጣቴን መሃል አገባሁ። «አባዬ ከፈረመ ኢንሹራንሱ ‹አንተ ጨርሰሃል፣ እኛ የለንበትም› ይላል። ይህ ጣት ይነሣል። አባዬ ያለውን ሁሉ ሸጦም ቀዶ ሕክምናውን አይችለውም። ካልፈረመ ግን ጣቱ እዚሁ ይቆያል።»

ኦቦ ነገራ በቆሎዋን ትኩር ብለው አዩ። «ይህቺ ልጅ ጠበቃ ናት?»

«አይደለችም» አለ አባዬ። «አዴ አያንቱ ጋ ስትጽፍ ነው ያደገችው።»

«የመነኸሪያዋ አያንቱ? እግሬን ዙሩ የምትለዋ?»

«እሳቸው።»

ኦቦ ነገራ ግንባራቸውን ያዙ። «የወንድሜ ልጅ መኪና ሲገዛ አብሬው ሄጄ እኔንም አቁማ ሦስት ጊዜ አስለፍልፋኛለች። እኔ መኪና የለኝ፣ መንጃ ፈቃድ የለኝ። ‹አንተ ነህ ወረቀቱን የምታስፈርመው፤ ስለዚህ አንተም በል› አለችኝ። አልኩላት። ረሳሁት እኮ።» የኦቦ ፍቃዱ ወንድም ያንን ሲሰሙ መሳቅ አልፈለጉም ነበር፤ ግን ሳቁ። ተመልሰው ተቀመጡ። ወረቀቱም ታጥፎ ወደ ኮቱ ኪስ ተመለሰ።

ሌላ ወረቀት ጻፊ አሉኝ። እዚያው ማንጎው ሥር፣ ጉልበቴ ላይ፣ ጻፍኩት። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እንደነበረ፣ የጭነት መኪና ቆሞ እንደነበረ፣ ኦቦ ፍቃዱ ከኋላው እንደወጡ፣ አባዬ ፍሬን እንደያዘ፣ እንዳልሸሸ ጻፍኩ። ኦቦ ፍቃዱ መኪናውን አይተው ነበር ወይ ለሚለው «አናውቅም» አልኩ። አባዬ ይቅርታ እንደጠየቀና ቤተሰቡ እንደተቀበለው፣ የጥፋቱንና የካሳውን ነገር ግን ለሕግና ለኢንሹራንሱ እንደተዉት ጻፍኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንድም «እጅግ» የለበትም። ኦቦ ነገራ «ይህን ብንፈርም ያስከፋታል?» አሉኝ። አዴ አያንቱን ማለታቸው ነው። «አያስከፋቸውም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ወር አልፎ ደብዳቤው ሲመጣ እናቴ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ረጅም ደብዳቤ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ኢንሹራንሱ ጥያቄውን ተቀብሎ ሕክምናውን ይሸፍናል የሚል ነው። ሦስተኛውን ስጨርስ «ይታከማሉ ማለት ነው?» አለች። «ይታከማሉ» አልኳት። «መኪናውስ?» «አይሸጥም።» ወደ በረንዳ ወጥታ ብዙ ቆየች። አባዬ ወረቀቱን ለማድረስ ወደ ኢንሹራንሱ ቅርንጫፍ የሄደ ዕለት ሠራተኛው የኡኬውን ወረቀት አንብቦ «ማነው የጻፈው?» ብሎ ጠይቆት ነበር አሉ። አባዬ «ልጄ ናት» ሲል ሰውዬው እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበው። ይህን አባዬ ስንት ጊዜ እንደነገረኝ አልነግራችሁም።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ከዚያ ለወራት መተኛት፣ መነሣት፣ መቀመጥ ብቻ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ኦቦ ፍቃዱ ቆመው ሄዱ።

አባዬ ማታ ሲመጣ ሙሉውን ነገረን። መኪናውን ካስቆሙት በኋላ ተሳፋሪውን ሁሉ አስወርደው ወደ ግቢያቸው አስገቡት። ማንጎው ሥር ተቀመጡ፤ እግራቸው ገና አይታጠፍምና ወደ ፊት ዘርግተውት ነበር። ተሳፋሪው በተራ ዞሮ ገባ። አባዬ ይህን ሲያይ ነው ሊደውልልኝ የወጣው። ሲሰናበታቸውም እንዲህ አሉት። «ሙሌ፣ ለሹፌሮቹ ሁሉ ንገራቸው። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሰላም ሳይለኝ አይለፍ። ለጻፈችው ልጅህም ንገራት፤ ለሌላው ትንገርልኝ።»

ይኸው ነገርኳችሁ። የምትነዱ ሁኑ የምትሳፈሩ፣ ወደ አያና ስትሄዱ ኡኬ ላይ ገበያው እንዳለቀ በስተግራ ትልቅ ማንጎ ታያላችሁ። ገበያው ጋ ስትደርሱ ፍጥነት ቀንሱ፤ ለነገሩ በሩ የሚታየው ቀስ ብሎ ለሚመጣ ሰው ብቻ ነው። ግቡ። ኦቦ ፍቃዱ ይጠብቋችኋል። እግራቸውን ዞራችሁ ተቀመጡ።